ዐዲሱ ኮምፒዩተርና የፎቶ ቤቱ አሮጌ ፕሮግራም

በየቤታችን ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት ነገሮች መካከል ለባዕድ ሰው ዋጋ የሌለው፣ ለቤቱ ባለቤት ግን ወርቅ የማይለውጠው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የቤተ ሰቡ ፎቶግራፍ ነው። አያት ጋቢ ለብሰው የተቀመጡበት፣ እናት የተዳረችበት፣ ሕፃኑ ክርስትና የተነሣበት፣ ልጁ ካባ ለብሶ የተመረቀበት ቀን በብጣሽ ወረቀት ላይ ተቀምጦ የቤቱን ታሪክ ለልጅ ልጅ ይናገራል። ቀድሞ ይህን ወረቀት የሚያዘጋጀው በጨለማ ክፍል ውስጥ በመድኃኒት የሚያጥበው ባለሙያ ነበር። ዛሬ ግን ከፎቶግራፉ በስተ ኋላ የቆመው ኮምፒዩተር ነው። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ የታመመ እንደ ሆነ ፎቶግራፉም አብሮ ይታመማል።

በዚህ ወር ልንነጋገርበት ያሰብነው ነገር የፎቶ ቤቶች ፕሮግራምና መሣሪያ ከዐዲሱ የኮምፒዩተር ሥርዓት ጋር መስማማት አለመስማማታቸውን ነው። ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ይህ የባለ ሱቆች ጉዳይ ነው፤ ለአባወራና ለእመቤት ምን ይሠራል?» ይል ይሆናል። ነገር ግን በጥር ወይም ከፋሲካ በኋላ ልጁን የሚድር ወላጅ፣ ለትምህርት ቤት ጉርድ ፎቶግራፍ የሚያስነሣ ተማሪ፣ ወንድሙን በፎቶ ቤት ሥራ አሰማርቶ ከትርፉ የሚካፈል ቤተ ሰብ ሁሉ በዚህ ነገር ውስጥ አለበት። የአንዲት ሙሽራ ቀን ተመልሶ አይመጣምና፣ ነገሩን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም።

ለነገሩ ማሳያ መርካቶን እንውሰድ። የጣልያን ወራሪዎች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን በያዙበት ዘመን በአራዳ የነበረውን ታላቅ ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውረው አሁን ባለበት ስፍራ እንዲተከል አደረጉ። ከዚያ ወዲህ ስፍራው ሰፍቶና ገንኖ፣ ሸማ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ዶሮ ተራ፣ ሚሊተሪ ተራ፣ ምናለሽ ተራ እየተባለ በየሸቀጡና በየሙያው ተከፋፍሎ ይኖራል። «በመርካቶ የማይገኝ ነገር የለም» የሚለው አነጋገር በሀገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። በምናለሽ ተራ ሌላው ሰው የጣለው ብረት ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፤ የተሰበረው ይበየዳል፤ የጠመመው ይቃናል። የመርካቶ ሰው አሮጌ ነገር አይንቅም፤ ይህም ጥበቡ ነው።

ይሁን እንጂ በመዶሻ የማይቃና፣ በብየዳም የማይገጠም አንድ ዕቃ አለ። እርሱም የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። አንድ የፎቶግራፍ ማተሚያ መኪና አካሉ ደኅና ሆኖ ሳለ፣ ከዐዲሱ ኮምፒዩተር ጋር የሚያነጋግረውን ፕሮግራም ሠሪው ኩባንያ ካልጻፈለት ድዳ ሆኖ ይቀራል። ይህን የጎደለ ነገር ፍለጋ ከአውቶቡስ ተራ እስከ ሲኒማ ራስ ቢዞሩ አይገኝም፤ ከቶ ስላልተሠራ ነው።

ስለ ፎቶግራፍ ሥራ መለዋወጥ ጥቂት የኋላ ታሪክ እናንሣ። በሀገራችን የፎቶግራፍ ሙያ ከቤተ መንግሥት ጀምሮ የተስፋፋ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ቤድሮስ ቦያጂያን የሚባል አርመናዊ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበረ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮምም ያባታቸውን ሙያ ተከትለዋል። በዚያ ዘመን አንድ ምስል ለማውጣት ባለሙያው ብርሃኑን መጠበቅ፣ መስታወቱን ማዘጋጀት፣ መድኃኒቱን መመጠን ነበረበት።

በሌላው ዓለም ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1925 አናቶል ጆሴፎ የሚባል ከሳይቤሪያ የመጣ ስደተኛ በኒው ዮርክ ከተማ፣ በብሮድዌይ ጎዳና፣ ሰው ገብቶ ተቀምጦ ራሱን በራሱ የሚያነሣበትን ሣጥን አቆመ። ሣጥኑ ፎቶማቶን ተባለ፤ በ25 ሳንቲም ስምንት ፎቶግራፍ ይሰጥ ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ የሠርግ አዳራሾች ውስጥ «ፎቶ ቡዝ» እየተባለ በኪራይ የሚቆመው መሣሪያ የዚያ ሣጥን የልጅ ልጅ ነው። እንግዶች በፊቱ ይቆማሉ፤ መብራቱ ይበራል፤ ካሜራው ያነሣል፤ ጥቂት ቆይቶም የሙሽሮቹ ስምና ቀኑ የተጻፈበት ፎቶግራፍ ይወጣል። እንግዳው ያን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እንግዲህ ይህ ሥራ የሚፈጸመው በአራት ነገሮች ስምምነት ነው። እነርሱም ካሜራ፣ ኮምፒዩተር፣ ፎቶግራፉን የሚያስተካክለው ፕሮግራምና ማተሚያው ናቸው። ከአራቱ አንዱ ከሌሎቹ ጋር ካልተግባባ ሦስቱ ደኅና መሆናቸው አይረባም። ጉርድ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ትንሹ ፎቶ ቤትም ቢሆን የሚተዳደረው በዚሁ ሥርዓት ነው።

አራቱን የሚያስማማው ምንድር ነው ቢባል፣ ሥርዓተ ክወና ወይም ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚባለው ዋናው ፕሮግራም ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ዊንዶውስ የሚባለውን ነው። ይህንን በገበያ ምሳሌ ብናስረዳ ይቀላል። ሥርዓተ ክወናው እንደ ገበያ ሹም ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን መቼ እንደሚናገር የሚወስነው እርሱ ነው። የፎቶግራፍ ፕሮግራሙ ነጋዴው ነው። ማተሚያውና ካሜራው ደግሞ ቋንቋቸው ልዩ የሆነ የሩቅ አገር ሰዎች ናቸው። በሹሙና በእነርሱ መካከል አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ ይህም አስተርጓሚ ድራይቨር ይባላል። እያንዳንዱ ማተሚያ የራሱ ድራይቨር አለው። ሹሙ በተለወጠ ጊዜ፣ የቀድሞው አስተርጓሚ የዐዲሱን ሹም ቋንቋ የማያውቅ እንደ ሆነ ነገሩ ሁሉ ይቆማል።

ሹሙም በየጊዜው ይለወጣል። ዊንዶውስ ኤክስፒ የሚባለው ለብዙ ዘመን በየፎቶ ቤቱ ሲያገለግል ቆይቶ፣ ሠሪው ማይክሮሶፍት መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ጥበቃውን አቆመ። ዊንዶውስ 7 ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. እንዲሁ ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 10ም ዐሥር ዓመት ከጥቂት ወራት አገልግሎ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ጥበቃው አበቃ። ጥበቃው አበቃ ማለት ኮምፒዩተሩ በዚያ ቀን ጠፋ ማለት አይደለም፤ እንደ ወትሮው ይሠራል። ነገር ግን ሌቦች የሚገቡበት ቀዳዳ በተገኘ ጊዜ ሠሪው መጥቶ አይደፍንለትም ማለት ነው።

ተተኪው ዊንዶውስ 11 መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ወጣ። ይህ ዐዲስ ሥርዓት ባገኘው ኮምፒዩተር ሁሉ ላይ አይቀመጥም። ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሜሞሪና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ይፈልጋል። ከዚህም በላይ ቲፒኤም 2.0 የሚባል ምስጢር ጠባቂ ክፍል በኮምፒዩተሩ ውስጥ እንዲኖር ያዝዛል። ፕሮሰሰሩም በሠሪው መዝገብ ውስጥ ካሉት መሆን አለበት፤ ከኢንቴል የሆነ እንደ ሆነ በጠቅላላው ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያለው ነው። ስለዚህ ብዙ ብር ወጥቶበት የተገዛ፣ ገና ሥራውን በደኅና የሚሠራ ኮምፒዩተር ከበሩ ይመለሳል።

ሌላም ችግር አለ። የቀድሞዎቹ ሥርዓቶች ባለ 32 ቢትና ባለ 64 ቢት በሚባል በሁለት ዓይነት ይሠሩ ነበር። ዊንዶውስ 11 ግን በባለ 64 ቢት ብቻ ይገኛል። ባለ 32 ቢት የሆነ የፎቶግራፍ ፕሮግራም በዐዲሱ ሥርዓት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል፤ ባለ 32 ቢት ድራይቨር ግን ፈጽሞ አይሠራም። ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት በዚህ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ተከፍቶ፣ ፎቶግራፉም በመስኮቱ ላይ አምሮ ሲታይ «ሁሉ ነገር ደኅና ነው» ይላሉ። «አትም» ብለው ባዘዙ ጊዜ ግን ማተሚያው አይሰማቸውም። ነጋዴው ገበያ ገብቷል፤ አስተርጓሚው ግን በር ላይ ቀርቷል።

ይህ ነገር በዊንዶውስ ብቻ የሚደርስ አይደለም። አፕል የሚባለው ኩባንያ ካታሊና ያለውን ሥርዓቱን መስከረም 26 ቀን 2012 ዓ.ም. ባወጣ ጊዜ ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞችን በሙሉ ከማክ ኮምፒዩተሮቹ አገደ። እስከ ዋዜማው ይሠሩ የነበሩ ፕሮግራሞች ሥርዓቱን ዐዲስ ባደረጉ ሰዎች ዘንድ በማግስቱ አልከፈትም አሉ። በብዙ አገር ያሉ የፎቶግራፍና የሙዚቃ ባለሙያዎች በዚህ ተቸግረዋል።

በእኛ አገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ፤ የፊደላችን ነገር ነው። በፎቶግራፉ ግርጌ የሙሽሮቹን ስም፣ «እንኳን ደስ ያላችሁ» የሚለውንና ቀኑን በአማርኛ የሚጽፉ ፎቶ ቤቶች ለብዙ ዘመን የተጠቀሙት የግዕዝ ፊደልን በላቲን ፊደል ወንበር ላይ በሚያስቀምጡ የጽሕፈት ፕሮግራሞች ነበር። በእነዚያ ፕሮግራሞች የተጻፈው ጽሑፍ በኮምፒዩተሩ ሆድ ውስጥ የላቲን ምልክት ነው፤ አማርኛ መስሎ የሚታየው ያ የፊደል መልክ በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ስላለ ብቻ ነው። ፋይሉ ወደ ዐዲስ ኮምፒዩተር በተዛወረ ጊዜ የፊደሉ መልክ አብሮ ካልተዛወረ የሙሽራይቱ ስም ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ሆኖ ይወጣል።

ለዚህ የተገኘው መድኃኒት ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ፊደላት ሁሉ መዝገብ ነው። የግዕዝ ፊደል በፈረንጅ አቆጣጠር በ1999 በዚህ መዝገብ ሦስተኛ እትም ውስጥ የራሱን ወንበር አገኘ። በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ በየትኛውም ዐዲስ ሥርዓት ላይ አማርኛነቱን አይለቅም። ስለዚህ የድሮ የሠርግና የክርስትና ካርድ ንድፎችን ያከማቸ ፎቶ ቤት ኮምፒዩተሩን ከመለወጡ በፊት የፊደሉን ፋይሎች አብሮ ማስቀመጥ፣ ዘወትር የሚጠቀምባቸውንም ንድፎች በዩኒኮድ እንደ ገና መጻፍ ይገባዋል። አድካሚ ሥራ ነው፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ከተፈጸመ ሁለተኛ አይደገምም።

አሁን በምሳሌ እናስብ። በመርካቶ ሁለት ወጣቶች በሽርክና የከፈቱት አንድ ፎቶ ቤት አለ እንበል። ቀን ጉርድ ፎቶግራፍ ያነሣሉ፤ በሠርግ ወራት ደግሞ ፎቶ ቡዝ ያከራያሉ። ዓርብ ማታ ኮምፒዩተሩ «ወደ ዐዲሱ ሥርዓት ልለወጥ?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። ዐዲስ ነገር ሁሉ ከአሮጌው ይሻላል ብለው «እሺ» ይሉታል። ሌሊቱን ተለውጦ ያድራል። ቅዳሜ ጠዋት ካሜራውን ቢያገናኙት ፕሮግራሙ አያየውም፤ ማተሚያውም አይታዘዝም። ሠርጉ እሑድ ነው። ቀብድ ተቀብለዋል። የሙሽራይቱ አባት እንግዶቹን ጠርቷል። ለዚያ ቀን የተባለው ነገር ለሌላ ቀን አይሆንም።

የሀገራችን ሰው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ለዚህ ነው። የእነዚህ ወጣቶች ጥፋት ዐዲሱን ሥርዓት መውደዳቸው አይደለም፤ ጊዜውን አለመምረጣቸው ነው። ከሥራ ዋዜማ ዕቃ አይለወጥም። ገበሬ ሞፈሩን የሚጠርበው ዝናም ከመጣ በኋላ አይደለም።

በሌላው ወገን ደግሞ «እንግዲያውስ ከቶ አንለወጥም፤ አሮጌው ይበቃናል» የሚሉ አሉ። ይህም ሙሉ ጥበብ አይደለም። ፎቶ ቤት ማለት የብዙ ሰዎች ፍላሽ ሲገባና ሲወጣ የሚውልበት የመንገድ መገናኛ ነው። አንዱ ደንበኛ በፍላሹ ይዞት የመጣው ቫይረስ በኮምፒዩተሩ በኩል ወደ ሌላው ደንበኛ ቤት ይሄዳል። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ በዓለም ላይ ተነሥቶ ወደ 150 በሚሆኑ አገሮች የሰዎችን ፋይል እየቆለፈ ለመክፈቻው ገንዘብ ጠየቀ። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ሥራ አቆሙ። ቫይረሱ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማስተካከያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ወጥቶ ነበር፤ የተጎዱት ያን ያላደረጉና ጥበቃው ባበቃ አሮጌ ሥርዓት የሚሠሩ ነበሩ። የአንድ ፎቶ ቤት ፋይል ተቆለፈ ማለት የመቶ ቤተ ሰብ ሠርግና ክርስትና ተቆለፈ ማለት ነው።

እንግዲህ ከችኮላና ከግትርነት መካከል ያለው መንገድ የትኛው ነው? እንደሚከተለው ብናስቀምጠው ለሥራው ሰዎች ይጠቅም ይመስለናል።

አንደኛ፤ ኮምፒዩተር ከመለወጡ በፊት ዕቃዎቹን ቆጥሮ በወረቀት መጻፍ ያሻል። የካሜራው ስምና ቁጥር፣ የማተሚያው ስምና ቁጥር፣ የፕሮግራሙ ስምና እትም ይጻፍ። ከዚያም የየሠሪውን ኩባንያ የመረጃ ገጽ ከፍቶ፣ ለዐዲሱ ሥርዓት የሚሆን ባለ 64 ቢት ድራይቨር መኖሩን አንድ በአንድ ማረጋገጥ ነው። ድራይቨርን ከሠሪው ገጽ እንጂ ከማይታወቅ ስፍራ መውሰድ አይገባም።

ሁለተኛ፤ ዐዲሱን ሥርዓት በሌላ ዲስክ ላይ መሞከር ነው። አሮጌው ዲስክ ተነቅሎ በደኅና ይቀመጥ፤ በሌላ ዲስክ ላይ ዐዲሱ ተጭኖ ከማንሣት እስከ ማተም ያለው ሥራ ሁሉ ይፈተን። ፈተናው በመስኮት ማየት ሳይሆን ወረቀት ማውጣት ነው። ካልሆነ አሮጌው ዲስክ ተመልሶ ይገባል፤ ሥራውም አይቋረጥም። ይህም በሠርግ ወራት ሳይሆን በዐቢይ ጾም፣ ሠርግ በሌለበትና የፎቶ ቤቱ ሰው ፋታ በሚያገኝበት ጊዜ ቢደረግ ይመረጣል።

ሦስተኛ፤ ማተሚያው ለዐዲሱ ሥርዓት ድራይቨር ከሌለው ማተሚያውን ለመጣል አይቸኮል። በፎቶ ቡዝ የሚሠራበት ማተሚያ ብዙውን ጊዜ ቀለሙን ከጥብጣብ ላይ በሙቀት ወደ ወረቀቱ የሚያሳልፍ፣ ዋጋውም የከበደ ዕቃ ነው። አሮጌውን ኮምፒዩተር ከኢንተርኔት ፈጽሞ አላቅቆ፣ ከማተም በቀር ሌላ ሥራ ሳይሰጡት ለማተሚያው ብቻ ማቆየት ይቻላል። ወደ እርሱ የሚገባው ፍላሽ አንድ ብቻ ይሁን፤ እርሱም አስቀድሞ በዐዲሱ ኮምፒዩተር የተመረመረ ይሁን። ሊኑክስ የሚባለውን በነጻ የሚገኝ ሥርዓት ለሚያውቁም ሌላ መንገድ አለ፤ ጉተንፕሪንት የሚባለው በነጻ የሚሰጥ የድራይቨር ስብስብ ብዙ ዓይነት የፎቶግራፍ ማተሚያዎችን ያሠራል።

አራተኛ፤ ያገለገለ ኮምፒዩተር የሚገዛ ሰው መልኩን አይቶ አይግዛ። ፕሮሰሰሩ የስንተኛው ትውልድ እንደ ሆነ፣ ቲፒኤም 2.0 እንዳለው ሻጩ ከፍቶ ያሳየው። ማይክሮሶፍት ለዚህ ምርመራ በነጻ የሚሰጠው ትንሽ ፕሮግራም አለ። አንዳንድ ሰዎች ምርመራውን በብልሃት አልፈው ዐዲሱን ሥርዓት በማይፈቀድለት ኮምፒዩተር ላይ ይጭናሉ፤ ነገር ግን ሠሪው ለእንዲህ ያለው ኮምፒዩተር ማስተካከያ እንደሚደርሰው ዋስ አይሆንም። የደንበኞች ፎቶግራፍ የሚቀመጥበት ዕቃ ዋስ የሌለው ሊሆን አይገባውም።

አምስተኛ፤ ገንዘብ እስኪገኝ ፋታ ለሚፈልግ ሰው ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ተጨማሪ የጥበቃ ዘመን አበጅቷል። ይህ ዘመን ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ተወስኗል። ፋታው ግን ለመዘጋጃ እንጂ ለመተኛት አይደለም።

በዚህ ስፍራ አንድ የማይወደድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ብዙ የሥራ ቤቶች የሚጠቀሙበት ፕሮግራም ቁልፉ ተሰብሮ በነጻ የሚዞር፣ «ክራክ» የሚባለው ነው። የሌላው ሰው የድካም ፍሬ ያለ ፈቃዱ መውሰድ ስሙ ምን እንደ ሆነ ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል፤ ዕቃው በእጅ የማይዳሰስ ስለ ሆነ ስሙ አይለወጥም። ደግሞም ቁልፉን የሰበረው ሰው በውስጡ ምን እንደ ጨመረበት የሚያውቅ የለም። ሥርዓቱ በተለወጠ ጊዜም ይህ ፕሮግራም ቀድሞ የሚወድቅ ነው፤ በወደቀም ጊዜ «አስተካክሉልኝ» የሚባል ባለቤት የለውም። ዋጋው ከዐቅም በላይ ለሆነበት ሰው በነጻ የሚሰጡ የፎቶግራፍ ማስተካከያ ፕሮግራሞች አሉ፤ ጊምፕ የሚባለው አንዱ ነው። ጥቂት ትምህርት ይጠይቃል፤ ግን ንጹሕ እንጀራ ነው።

ከዚህ በኋላ ነገራችንን ወደ ቤተ ሰቦች እንመልሳለን። አንባቢ ሆይ፤ የሠርግ ወይም የክርስትና ፎቶግራፍ የምታስነሣ እንደ ሆነ ከፎቶ ቤቱ ጋር ስትዋዋል ስለ ዋጋው ብቻ አትከራከር። «መሣሪያው ከዚህ ቀደም በዚሁ ኮምፒዩተር ተሞክሯልን? ቢበላሽ ተተኪ አላችሁን?» ብለህ በትሕትና ጠይቅ። ታማኝ ባለሙያ ይህን ጥያቄ አይቀየምበትም። ባለሙያውም በበኩሉ መሣሪያው የሚያጠራጥር ከሆነ ቀብድ ሳይቀበል እውነቱን ይናገር። «ፎቶ ቡዙን አልችልም፤ በካሜራ አንሥቼ ከሦስት ቀን በኋላ አሳትሜ እሰጣለሁ» ብሎ የተናገረ ሰው አንድ ቀን ገበያ ያጣል፤ ስሙን ግን አያጣም። በመርካቶ ደግሞ ስም ከሸቀጥ ይበልጣል።

እንደዚሁም ፎቶግራፎቻችሁን በወረቀት ብቻ ሳይሆን በፋይልም ተቀበሉ። ጄፔግ በሚባለው አቀማመጥ የተሰጠ ፋይል በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1992 ጀምሮ በዓለም የጸና ስለ ሆነ፣ ሥርዓቱ ስንት ጊዜ ቢለዋወጥ የሚከፍተው አይጠፋም። በአንድ ፕሮግራም ብቻ በሚከፈት ልዩ አቀማመጥ የተቀመጠ አልበም ግን ፕሮግራሙ በሞተ ቀን አብሮ ይሞታል። ስለዚህ ፋይሉን በምትቀበሉበት ጊዜ በሌላ ኮምፒዩተር ወይም በስልክ ከፍታችሁ እዩት።

የተቀበላችሁትንም በአንድ ስፍራ ብቻ አታኑሩ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በሸማ ተራ የተነሣው ቃጠሎ በአንድ ሌሊት የስንቱን ዘመን ድካም እንዳጠፋ የምናስታውሰው ነው። እሳት ለፋይልም ለወረቀትም አያዝንም። አንዱን ቅጂ በቤት፣ አንዱን በሌላ ስፍራ በሚኖር ዘመድ ዘንድ ማስቀመጥ ወጪው ጥቂት ነው። ፎቶ ቤቱም እንዲሁ ያድርግ፤ የቀኑን ሥራ ማታ በሌላ ዲስክ ገልብጦ፣ ያን ዲስክ ከሱቁ ይዞ ይውጣ።

አንድ ነገር ደግሞ ከኮምፒዩተር ሁሉ ይቀድማል። በፎቶግራፉ ጀርባ ላይ በእርሳስ የማን ምስል እንደ ሆነ፣ ቀኑና ስፍራው ይጻፍ። በብዙ ቤት በሣጥን ውስጥ የሚገኙ የቆዩ ፎቶግራፎች መልካቸው ደኅና ሆኖ ሳለ፣ ስማቸውን የሚያውቁት ሽማግሌዎች በማረፋቸው የማን እንደ ሆኑ ሳይታወቁ ቀርተዋል። ይህን የሚጠግን ሥርዓተ ክወና አይወጣም። አያት በሕይወት ሳሉ የልጅ ልጃቸው አልበሙን ይዞ አጠገባቸው ይቀመጥ፤ «እማማ፣ ይህ ማን ነው?» ብሎ እየጠየቀ ይጻፍ። ለአያትም ለልጁም የተባረከ ቀን ይሆንላቸዋል።

በመጨረሻም ለወላጆች የምንለው አለን። ከልጆቻችሁ መካከል ወደዚህ ሥራ ያዘነበለ ቢኖር «ፎቶ ማንሣት ሥራ ነውን?» ብላችሁ አታቃልሉት። ዛሬ የፎቶ ቤት ሠራተኛ ብርሃንን የሚያውቅ፣ ሰው አክባሪ፣ የኮምፒዩተሩንም ባሕርይ የሚመረምር መሆን አለበት። ሥርዓቱ ተለዋወጠ ብሎ የማይደነግጥ፣ ዐዲስ ወጣ ብሎም የማይቸኩል ልጅ በዚህ ሙያ ቤተ ሰቡን ሊረዳ ይችላል። ካሜራ ከመግዛታችሁለት በፊት የድራይቨርን ነገር እንዲማር፣ የዕቃውን ቁጥር እንዲመዘግብ፣ የሰውን አደራ ሁለት ቅጂ አድርጎ እንዲጠብቅ ምከሩት።

ሹሙ ነገም ይለወጣል፤ ከዊንዶውስ 11 በኋላ ሌላ ይመጣል፤ ያም በጊዜው ያረጃል። መርካቶ ግን ከዘመን ዘመን ዐዲሱን ከአሮጌው ጋር አስማምቶ መኖርን ያውቅበታል። በፎቶግራፍ ሥራም እንዲሁ ቢደረግ፣ አስቀድሞ ተፈትኖ የተለወጠ መሣሪያ፣ በእውነት የተነገረ ቃል፣ በሁለት ስፍራ የተቀመጠ አደራ ካለ፣ የሙሽራይቱ ፎቶግራፍ በእሑዱ ታትሞ ይወጣል፤ ልጇም ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያየዋል።